የቮልስን የበር ሽፋን በቤት ስለ መሥራት

ቮልስ የምትባለው መኪና በሜክሲኮ አገር በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. መሠራቷ ካበቃ ወዲህ፥ የውስጥ ዕቃዋን ባለቤቱ በቤቱ ቢያበጅ ተገቢ ነው። ለበር ሽፋን አሮጌው በ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ላይ ተደርጎ በእርሳስ ይነደፋል፤ ቢጣመምም ከእርሱ የተሻለ ልክ አይገኝምና አይጣልም። ከተቆረጠ በኋላ የፕላስቲክ ቆዳ በማስቲሽ ይለበጥበታል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ጀርባውን ነው። የዝናብ ውሃ በመስተዋቱ ጠርዝ ወደ በሩ ሆድ ገብቶ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች መፍሰሱ የበሩ ጠባይ እንጂ ጉድለት አይደለም። ስለዚህ የእንጨቱ ጀርባና ጠርዝ ቫርኒሽ ይቀባል፤ በብረቱና በእንጨቱም መካከል ወፍራም ላስቲክ ይለጠፋል። ይህ የቀረበት ሽፋን ክረምቱ ሳይወጣ ያብጣል። የላስቲኩ ታችኛ ጫፍ ወደ በሩ ሆድ ይገባል፤ ወደ ውጭ ከቀረ ውሃው ምንጣፉን ያርሳል፥ የወለሉም ብረት ይዝጋል።