አሮጌው ሌንስና በጎመን ላይ የታየው አመድ

ትምህርት ዘጠኝ፦ የአሠራርን ሂደት የሚገልጽ ድርሰት

መግቢያ

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ ወይም እንዴት እንደሚሠራ ለአንባቢ የሚያስረዳ የድርሰት ዓይነት ነው። የሥራ ሂደት በሚገለጽበት ጊዜ ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ የእያንዳንዱ እርምጃ ምክንያትም መነገር ይኖርበታል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበት ጊዜ ጸሐፊው ያልተሳኩለትን ሙከራዎች ለምን እንዳልደበቀ ልብ በሉ።

ሀ. ምንባብ

በጓሯችን ባለው የጎመን መደብ ላይ አመድ የመሰለ ነገር የታየው የበጋው ፀሐይ በበረታበት ሰሞን ነበር። ቅጠሎቹ ጠርዛቸው ወደ ውስጥ ተጠቀለለ፤ መልካቸውም ገረጣ። እናቴ አንዱን ቅጠል ገልብጣ አየችና፣ «ልጄ፣ ይህ ዋግ ነው፤ ወደ ሌላው መደብ ሳይዛመት ሁሉንም ነቅዬ እጥለዋለሁ» አለች። ያ ጎመን ለቤታችን ወጥ ከመሆኑም በላይ፣ ከፊሉ ገበያ ወጥቶ የደብተርና የእስክርቢቶ መግዣ ይሆን ነበርና ነገሩ አሳሰበኝ። «እማዬ፣ ምንነቱን ሳናውቅ አትንቀይው፤ አንድ ሳምንት ብቻ ታገሺኝ» ብዬ ለመንኳት። እሷም እያመነታች እሺ አለችኝ።

አጎቴ በወጣትነቱ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ዜኒት የተባለው የሶቪየት ካሜራው መጋረጃው ተቀዶ ከሥራ ውጭ ከሆነ ብዙ ዘመን ቢያልፈውም፣ ሌንሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥን ውስጥ ይኖር ነበር። ይህ ሌንስ ሄሊዮስ 44-2 ይባላል። የተሠራው በሞስኮ አቅራቢያ በክራስኖጎርስክ በሚገኘው ፋብሪካ ሲሆን፣ የመስተዋቶቹ አደራደር የተወሰደው ካርል ዛይስ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ይሠራው ከነበረው ከቢዮታር ሌንስ ነው። የትኩረት ርዝመቱ 58 ሚሊሜትር ነው። የመለያ ቁጥሩ በ78 ስለሚጀምር እ.ኤ.አ. በ1978 እንደ ተሠራ ይታመናል። በውስጡ ሞተርም ሆነ ኤሌክትሪክ የለም። ምስሉ የሚጠራውም፣ የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ የሚጠበውም በእጅ በሚዞሩ ቀለበቶች ነው። አጎቴ ዛሬ የሚሠራበትን ዲጂታል ካሜራ አዋሰኝ፤ 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን የሌንሱን ጥርስ ከካሜራው ጋር የሚያያይዝ ማገናኛ ቀለበትም ጨመረልኝ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ቀላል ነበር፤ ሌንሱን በካሜራው ላይ ገጥሜ ወደ ቅጠሉ ተጠጋሁ። ነገር ግን ይህ ሌንስ ከ50 ሴንቲሜትር ይበልጥ ቀርቦ ምስልን ማጥራት አይችልም። በዚያ ርቀት ደግሞ የአንድን ነገር ምስል ስድስት ጊዜ ተኩል ያህል አሳንሶ ያሳርፈዋል። በፎቶግራፉ ላይ ያገኘሁት፣ በዓይኔ ያየሁትን ያንኑ ነጭ ነጠብጣብ ነበር።

በሁለተኛው ሙከራ ሌንሱን ገለበጥሁትና የፊቱን ወገን በካሜራው አፍ ላይ በእጄ ደግፌ ያዝሁት። የተገለበጠ ሌንስ ወደ ነገሩ በጣም ተጠግቶ ምስልን ያጎላል። ይሁን እንጂ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ በካሜራውና በሌንሱ መካከልም ብርሃን ሾልኮ ገባ። ካነሣኋቸው ሃያ ፎቶግራፎች ውስጥ አንዱ ብቻ በመጠኑ ጠራ፤ እሱም ቢሆን ለማስረጃ የሚበቃ አልነበረም። አጎቴ ይህን አይቶ፣ «አቧራ ወደ ካሜራው ሆድ ሳይገባ ተው» አለኝና ሦስት ባዶ ቱቦዎች ሰጠኝ።

የቱቦዎቹ ቁመት 7፣ 14 እና 28 ሚሊሜትር ነው። በውስጣቸው መስተዋት የለም፤ ሥራቸው ሌንሱን ከካሜራው ማራቅ ብቻ ነው። ሌንሱ ከካሜራው በራቀ መጠን ወደሚነሣው ነገር መቅረብ ይቻላል፤ ምስሉም ይተልቃል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ሌንሱ የራቀበት ተጨማሪ ርቀት ለትኩረት ርዝመቱ ሲካፈል የምስሉን ጉልህነት ይሰጣል። ሦስቱ ቱቦዎች በአንድነት 49 ሚሊሜትር ይሆናሉ። የሌንሱ ቀለበት እስከ መጨረሻው ሲዞር ደግሞ 9 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል። ድምሩ 58 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ይህ ለ58 ሲካፈል አንድ ይሆናል። ይህም ማለት 2 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ነገር በካሜራው ውስጥ የሚያርፈው በዚያው በ2 ሚሊሜትር መጠኑ ነው።

ጉልህነቱ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ሌንሱ እንዲህ ሲርቅ ወደ ካሜራው የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ጥርት ብሎ የሚታየው ስፋትም እጅግ ይጠባል። የብርሃኑን ቀዳዳ ቁጥር 2 ላይ አድርጌ በሰፊው ስከፍተው፣ የሚጠራው ጥልቀት የሚሊሜትር ሩብ ያህል ብቻ ሆነ። ቁጥር 8 ላይ አድርጌ ሳጠበው ወደ አንድ ሚሊሜትር ከፍ አለ፤ ነገር ግን ምስሉ ጨለመ። ስለዚህ ያለ ቱቦ በሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ይበቃ የነበረው ጊዜ ወደ ሰከንድ አንድ ስምንተኛ መርዘም ነበረበት። በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ ደግሞ ነፋሱ ቅጠሉን ያወዛውዘዋል።

በአራተኛው ቀን ሌላውን ሁሉ እንደ ነበረ ትቼ አንድ ነገር ብቻ ለወጥሁ። ቅጠሉን ቆርጬ ወደ ቤት አስገባሁና በመስኮቱ አጠገብ በሰሌዳ ላይ አስተኛሁት። ካሜራውን በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ አሰርሁት። ምስሉን ለማጥራት ቀለበቱን ማዞር ትቼ፣ ሰሌዳውን በጥቂት በጥቂቱ አስጠጋሁ። ቁልፉን ስጫን ካሜራው እንዳይነቃነቅ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ራሱ እንዲያነሣ አደረግሁ።

ፎቶግራፉ ሲከፈት አመዱ አመድ አልነበረም። በሰም መሰል ዱቄት የተሸፈኑ፣ ስድስት ስድስት እግር ያላቸው ነፍሳት በቅጠሉ ሥር ላይ ተደርድረው ነበር። እናቴ ዓይኗን ከሥዕሉ ሳትነቅል፣ «ክሽክሽ ነው!» አለች። በመካከላቸው ግን እንደ ፊኛ ያበጡ፣ መልካቸው ቡናማ የሆነ ጥቂቶች ነበሩ። አንደኛው በጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ነበረው። ይህን እሷም እኔም ልናውቀው አልቻልንም።

ፎቶግራፉን ለወረዳችን የግብርና ባለሙያ አሳየሁት። ባለሙያውም ያበጡትን በጣቱ እያመለከተ፣ «እነዚህ ሞተዋል። አንዲት ትንሽ ተርብ በክሽክሹ ሰውነት ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፤ እጩም ከውስጥ እየበላው ያድጋል። በቀዳዳው የወጣው ያደገው ተርብ ነው። ስለዚህ ጠንካራ መርዝ አትርጩ፤ ወዳጃችሁንም አብራችሁ ትገድላላችሁና» ሲል አስረዳኝ። ከዚያም በጣም የተጎዱትን ቅጠሎች እንድንቆርጥና የቀሩትን በሳሙና ውሃ እንድናጥብ መከረን።

ከመደቡ ሲሶው ተቆርጦ ተጣለ፤ የቀረው ግን አልተነቀለም። እናቴ ከዚያ ወዲህ ቅጠል ላይ ነጠብጣብ ባየች ቁጥር፣ «እስቲ መጀመሪያ ያንን አሮጌ ዓይን አምጣው» ትለኛለች።

ለ. የምንባብ ጥያቄዎች

1. የጸሐፊው እናት ጎመኑን ለመንቀል ያሰበችው በምን ምክንያት ነበር? ፍርዷ ትክክል ያልነበረው በምን ረገድ ነው?
2. የመጀመሪያውና የሁለተኛው ሙከራ ያልተሳኩት ለምንድን ነው? ምክንያቶቹን ለይታችሁ ጻፉ።
3. የ7 እና የ14 ሚሊሜትር ቱቦዎች ብቻ ቢገጠሙና የሌንሱ ቀለበት ባይዞር፣ የምስሉ ጉልህነት ስንት ይሆናል?
4. ጸሐፊው በአራተኛው ቀን ቱቦዎቹንም ሆነ የብርሃኑን ቀዳዳ ያልለወጠው ለምን ይመስላችኋል?
5. ፎቶግራፉ የእናትየዋን ጥያቄ ከመመለሱም በላይ አዲስ ጥያቄ አስነሥቷል። ይህ ጥያቄ ምን ነበር? ባይነሣስ ኖሮ ምን ጉዳት ሊደርስ ይችል ነበር?

ሐ. የቃላት ጥናት

የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ከገቡበት ዐረፍተ ነገር ጋር እያገናዘባችሁ ፍቻቸውን ተረዱ፤ ከዚያም በየራሳችሁ ዐረፍተ ነገር አስገቧቸው።

ዋግ፦ በእህልና በአትክልት ላይ የሚወርድ በሽታ
ገረጣ፦ ወዙን አጣ፣ ደበዘዘ
መጋረጃ፦ በካሜራ ውስጥ ብርሃንን የሚከልልና የሚለቅ ክፍል
ጉልህነት፦ ተልቆ የመታየት መጠን
እጭ፦ ከእንቁላል የወጣ፣ ገና ያላደገ ነፍሳት
ሲሶ፦ ከሦስት አንድ እጅ

መ. ሰዋስው፦ አድራጊና ተደራጊ ግሥ

ሥራውን የሚሠራው ባለቤት በሚታወቅበት ጊዜ አድራጊ ግሥ እንጠቀማለን፦ «ልጁ ቱቦውን ገጠመ።» ከሠሪው ይልቅ ሥራው ጎልቶ እንዲታይ ስንፈልግ ተደራጊ ግሥ እንጠቀማለን፦ «ቱቦው ተገጠመ።» ሂደትን የሚገልጽ ድርሰት ተደራጊ ግሥን የሚያዘወትረው በዚህ ምክንያት ነው።

የተደራጊነት ምልክት የሆነው «ተ» በኃላፊ ጊዜ በግልጽ ይታያል፦ ተገጠመ፣ ተቆረጠ፣ ተለካ። በአሁንና በትንቢት ጊዜ ግን ከሥሩ የመጀመሪያ ፊደል ጋር ይዋሐድና ያን ፊደል አጥብቆ እንዲነበብ ያደርገዋል፦ ይገጠማል፣ ይቆረጣል። እንደ «አጠበ» ያሉት ግሦች ሲሆኑ ደግሞ ምልክቱ በአሁን ጊዜም አይጠፋም፦ ያጥባል፣ ይታጠባል።

ጽሕፈታችን መጥበቅንና መላላትን ስለማይለይ አንዳንድ ቃል ለሁለቱም ይሆናል። «ይለካል» የሚለው ቃል «ለ» ሲላላ አድራጊ፣ ሲጠብቅ ተደራጊ ነው። በጽሑፍ የሚለየን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለው የተሳቢ ምልክት «ን» ነው፦ «ልጁ ርቀቱን ይለካል»፤ «ርቀቱ ይለካል»።

መልመጃ፦ የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ወደ ተደራጊ ለውጡ።

1. አጎቴ ሌንሱን በጨርቅ ጠቀለለው።
2. እናቴ ቅጠሉን በሳሙና ውሃ ታጥባለች።
3. ልጁ ካሜራውን በመቆሚያው ላይ ያስራል።
4. ባለሙያው ያበጡትን ነፍሳት መረመረ።

ሠ. ድርሰት

እናንተ ራሳችሁ የሞከራችሁትን አንድ ሥራ መርጣችሁ፣ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። ለምሳሌ የወንፊት ጥገና፣ የችግኝ ማፍላት ወይም የአሮጌ ሬዲዮ እድሳት ሊሆን ይችላል። ከመጻፋችሁ በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች በአስተዋጽኦ መልክ አስፍሩ፦

1. ሥራውን ለመጀመር ያስገደዳችሁ ችግር፤
2. የተጠቀማችሁባቸው መሣሪያዎችና ልካቸው፤
3. እርምጃዎቹ በቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱም ከነምክንያቱ፤
4. ያልተሳካው ሙከራና ከእሱ የተገኘው ትምህርት፤
5. የመጨረሻው ውጤት፣ ሳይጋነን።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድርሰቱን ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ አስነብቡት። እሱ የጻፋችሁትን ብቻ ተከትሎ ሥራውን መሥራት ከቻለ ድርሰታችሁ ዓላማውን መትቷል። ካልቻለ ግን የቆመበትን ቦታ ጠይቁት፤ መታረም ያለበት ዐረፍተ ነገር የሚገኘው እዚያ ነውና።