የባሕር ኤሊና የትዕግሥት ትምህርት

በዚህ እትም ስለ ባሕር ኤሊ እናጠናለን። ከሰባቱ የባሕር ኤሊ ዝርያዎች መካከል ለመጥፋት እጅግ የተቃረበውን፥ ኬምፕስ ሪድሊ የሚባለውን መርጠናል። ዓመቶቹን የጻፍናቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ይህ ኤሊ በብዛት እንቁላል የሚጥለው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ዳርቻ፥ በተለይም ራንቾ ኑዌቮ በተባለው አሸዋማ ስፍራ ነው። በ1947 ዓ.ም. እዚያ በተነሣ ፊልም ላይ፥ በአንድ ቀን 40,000 ያህል ይሆናሉ ተብለው የተገመቱ እናት ኤሊዎች ከባሕር ሲወጡ ይታያሉ። በ1985 ዓ.ም. ግን በዓመቱ ውስጥ የተቆጠሩት የእንቁላል ጉድጓዶች 702 ብቻ ነበሩ።

ይህ ሁሉ ጥፋት ከምን መጣ? አንደኛ፥ ሰዎች እንቁላሉን ከአሸዋው እየቆፈሩ ለገበያ ያወጡት ነበር። ሁለተኛ፥ ኤሊ የሚተነፍሰው አየር ነው፤ ስለዚህ መርከቦች ሽሪምፕ በሚያጠምዱበት መረብ ሲያዝ ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ይሞታል።

የሜክሲኮ መንግሥት ዳርቻውን ማስጠበቅ የጀመረው በ1966 ዓ.ም. ነው። በ1978 ዓ.ም. አሜሪካም በሥራው ተባበረች። ጠባቂዎቹ እንቁላሉን ሰብስበው በታጠረ ስፍራ እንደገና ይቀብሩታል፤ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉም ወደ ባሕር ይለቋቸዋል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ለብዙ ዓመታት መቀነሱን አላቆመም። ሴቷ ኤሊ ለመውለድ ከ10 ዓመት በላይ ስለሚፈጅባት፥ የጥበቃው ፍሬ ቶሎ አይታይም። በዚያም ላይ መረቡ ትልልቆቹን መግደሉን ቀጥሎ ነበር። ስለዚህ አሜሪካ በ1980ዎቹ መጨረሻ፥ ሜክሲኮም በ1993 ዓ.ም.፥ የሽሪምፕ መረቦች ኤሊ የሚወጣበት ፍርግርግና ቀዳዳ እንዲኖራቸው አዘዙ።

በ2009 ዓ.ም. ጉድጓዶቹ ከ20,000 በላይ ደረሱ። የነዳጅ ዘይት ፈስሶ ባሕረ ሰላጤውን በበከለበት በ2010 ዓ.ም. ግን ቁጥሩ እንደገና ዝቅ አለ። ዛሬም ኤሊው ከአደጋ አልወጣም።

ከዚህ ምን እንማራለን? ጠባቂዎቹ ሥራቸውን በ1985ቱ ቁጥር መዝነው ቢሆን ኖሮ፥ ተስፋ ቆርጠው ይበተኑ ነበር። እኛ ወጣቶች ግን ብዙ ጊዜ ችግኝ ተክለን በማግሥቱ ጥላውን እንሻለን። ለማደግ ብዙ ዓመት የሚፈልግ ነገር ብዙ ዓመት የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል።

ለውይይት፦ ዛሬ ካልጠበቅነው የሚጠፋ፥ ፍሬውን ግን ከእኛ በኋላ የሚመጡት የሚያዩት፥ በአካባቢያችን ምን አለ?