ጭራቁን ለመፍታት አትቸኩዪ

ልጄ፣ ለማስተርስ ማሟያሽ ያዘጋጀሽውን ፕሮፖዛል አነበብኩት። «ባፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር» በሚባለው የአሜሪካ አስፈሪ ተከታታይ ድራማ ላይ ለመጻፍ መነሳትሽ አላስገረመኝም። የገረመኝ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቅርታ መሆናቸው ነው። እናትሽ «አሜሪካ ድረስ ሄዳ ስለ ደም መጣጭ ትማራለች» ብላ በስልክ እንዳማረረችብኝ አልደብቅሽም፤ እሷን ለኔ ተዪያት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምርና የተማሪ ጽሑፍ ስፈትን ያረጀሁ ሰው ነኝና የምልሽን በቁጥር ከፋፍዬ ልጻፍልሽ። ቁጥሩ መልሰሽ ስትጠይቂኝ እንዲመችሽ ነው እንጂ ሁሉም እኩል ስለሚመዝን አይደለም።

1. ጠበቃ አትሁኚለት።

ይህ ድራማ ለዩኒቨርሲቲ ይገባል አይገባም የሚለው ክርክር ካበቃ ሃያ ዓመት አልፎታል። ድራማው እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1997 ተጀምሮ ሜይ 20 ቀን 2003 በ144ኛው ክፍል አበቃ። ገና እየታየ ሳለ፣ በ2001፣ ሮንዳ ዊልኮክስና ዴቪድ ላቨሪ የተባሉ መምህራን «ስሌዬጅ» የሚል የጥናት ጆርናል አቋቋሙለት። በ2002 በእነዚሁ በሁለቱ አዘጋጅነት ወፍራም የጥናት ስብስብ ታተመ፤ በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ኖሪች የሚገኘው የኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ ጉባኤ አስተናገደ፤ በ2004 ደግሞ ናሽቪል ላይ ተሰበሰቡ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በ2003 በገጸ ባሕርያቱ አነጋገር ላይ ብቻ መዝገበ ቃላት ያለው መጽሐፍ አወጣ። አንቶኒ ኮርድስማን የተባለው የዋሽንግተን የጦር ጉዳይ ተንታኝ እንኳ በ2001 ስለ ሥነ ሕይወታዊ ጦር መሣሪያ በጻፈው ወረቀት ባፊን ማሳያ አድርጓታል። ላቨሪ ከዚያ በፊት፣ በ1995፣ በ«ትዊን ፒክስ» ድራማ ላይ ተመሳሳይ ስብስብ አዘጋጅቶ ነበር።

እንግዲህ ማንም ያልከሰሰውን ነገር አትከላከዪለት። ሦስቱን ገጽ ሰርዢ። ይልቅ የሚያስፈራሽ ሌላ መሆን አለበት፦ ይህን ያህል በተጻፈበት ነገር ላይ አንቺ ምን ትጨምሪያለሽ?

2. ሰሙን ቶሎ አታቅልጪው።

ከፈታኞችሽ አንዱ ድራማውን ላያውቀው ይችላልና ባጭሩ እንዲህ ብለሽ አስገቢው፦ ባፊ ሳመርስ ሳኒዴል በምትባል የካሊፎርኒያ የፈጠራ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ የምትማር ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤቷ የተሠራው በሲኦል አፍ ላይ ነው። ፈጣሪው ጆስ ዊደን በአስፈሪ ፊልሞች ብቻዋን ጨለማ ውስጥ ገብታ የምትሞተውን ፀጉረ ወርቃማ ልጅ ወስዶ ጭራቁ የሚሸሻት ስሌየር፣ ማለትም ቫምፓየር ገዳይ፣ አደረጋት። ትምህርት ቤት ሲኦል ነው የሚለውን ሐሳብም ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል። ስለዚህ «ጭራቁ የጉርምስና ምሳሌ ነው» ብለሽ ስትጽፊ የደራሲውን ቃል ገለበጥሽ እንጂ ምንም አላገኘሽም። ፕሮፖዛልሽ ውስጥ ይህ ዓረፍተ ነገር መልኩን እየቀያየረ ተመላልሷል።

አንቺ ሰምና ወርቅ በሚወደስበት ቤት ስላደግሽ ፈተናው ይብስብሻል፤ እጅሽ ወደ ወርቁ ይፈጥናል። በምዕራፍ 1 ማንም ልብ ስለማይላት የማትታይ የሆነች ተማሪ አለች። በምዕራፍ 2 ኤንጅል የተባለው ቫምፓየር ከባፊ ጋር ባደረ ማግስት ነፍሱን አጥቶ ጨካኝ ሆኖ ይነሳል። የነዚህን ወርቅ ለማውጣት ሊቅ መሆን አይጠይቅም፤ ከአንድ ወንድ ጋር አድራ ጠዋት ሌላ ሰው የጠበቃት ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። የሚጠየቀው ሰሙ ነው። ለብቻው ይቆማል ወይ? ኤንጅል እንደ ቫምፓየርነቱ ደም የሚያቀዘቅዝ ባይሆን ኖሮ ያ ክፍል የጤና ጣቢያ ፖስተር ሆኖ ይቀር ነበር። የኛም ባለቅኔዎች ሰሙን የሚያስውቡት ሊጥሉት አይደለም።

ሰሙ ሲሳሳ ምን እንደሚመጣ ለማየት ምዕራፍ 6ን ተመልከቺ። የባፊ ጓደኛ የዊሎ አስማት የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ይሆናል፤ ሻጭ አለው፣ መንቀጥቀጥ አለው፣ «አቆምኩ» ማለት አለው። ብዙ ተመልካቾችና ተመራማሪዎች ያን ጊዜ አጉረምርመዋል፤ እውነታቸውን ነው እላለሁ። ምሳሌው ፊት ለፊት ሲወጣ አስማቱ አስማት መሆኑ ቀረ።

ከዚያ ወደ «ዘ ቦዲ» ተመለሺ፤ ምዕራፍ 5 ክፍል 16፣ በ2001 ፌብሩዋሪ የታየው። የባፊ እናት ሞታለች፤ የገደላት ጭራቅ የለም፣ የአንጎሏ ደም ሥር ነው። በክፍሉ ውስጥ ማጀቢያ ሙዚቃ የሚባል የለም። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን መጨረሻው ላይ በአስከሬን ክፍሉ ውስጥ አንድ ቫምፓየር ራቁቱን ይነሳል፤ ትግሉ አያምርም፣ ሙዚቃም አይረዳውም። ስለ ሐዘን በተሠራ ክፍል ውስጥ ለምን አስገቡት? ምሳሌ ነው ካልሽ የምን ምሳሌ እንደሆነ ንገሪኝ። እንደኔ እንደኔ የምንም ምሳሌ አይደለም፤ ሥራ ነው። ሰው እናቱ በሞተች ቀንም የማይቀርለት ሥራ። ይህን ያየሁት ወርቅ ፍለጋ ትቼ ጭራቁን እንደ ጭራቅ ስመለከተው ነው።

3. ፍርሃቱ እንዴት እንደተሠራ ቁጠሪ።

ምክሬን ሁሉ ጥለሽ አንድ ያዢ ብባል ይህችን አስይዝሽ ነበር። «ሃሽ»ን ውሰጂ፤ ምዕራፍ 4 ክፍል 10፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1999። ሱፍ የለበሱ፣ ፈገግታቸው የማይከደን፣ እግራቸው መሬት የማይነካ ፍጡራን የከተማውን ሰው ድምፅ ሰርቀው ሣጥን ውስጥ ይከቱና የሰባት ሰው ልብ ሊሰበስቡ ይወጣሉ። ከ44 ደቂቃው ውስጥ 27 ያህሉ ንግግር የለበትም። የድራማው ጌጥ ቀልጣፋ አነጋገሩ ነው እየተባለ ሲወደስ ዊደን ያንኑ ጌጥ አውልቆ ሠራው፤ ለኤሚ ሽልማት በጽሑፍ ዘርፍ የታጨውም ይኸው ንግግር የሌለበት ክፍል ነው።

መጀመሪያ እንዲሁ እዪው። ቀጥሎ ድምፁን ዘግተሽ እዪው። ከዚያ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ስሚው። ስትጨርሺ የሚቀሩሽ ጥያቄዎች ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ የተሻሉ ናቸው። አንዱ ተማሪ አልጋው ላይ ተይዞ አፉን ከፍቶ ሲጮህ ጩኸቱ የለም፤ ታዲያ ምን ይሰማል? ሙዚቃው ከገዳዮቹ ቀድሞ ይመጣል ወይስ ተከትሎ? ካሜራው ፈገግታው ላይ ስንት ሰከንድ ይቆያል? የባፊ አሠልጣኝ ጋይልስ በፕሮጀክተር እየጻፈና እየሣለ ለልጆቹ ትምህርት የሚሰጥበትን ትዕይንት በተለይ ለብቻ መዝግቢው፤ የሳን ሳንስ «ዳንስ ማካብር» ከጀርባው እየተሰማ የሚያስቅ ነገር ነው። ያን ሁሉ ሳቅ ገዳዮቹ በሚንሳፈፉበት ሌሊት መካከል ማን ደፍሮ ያስገባል? ሳቁ ፍርሃቱን ያቀልለዋል ወይስ ጥበቃችንን አስጥሎ ያጋልጠናል? ሠንጠረዥ ሥሪ፦ ሾቱ፣ ርዝመቱ፣ የሚሰማው፣ የማይሰማው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ማንም ደስ ብሎት አይሠራውም፤ ለዚህም ነው ያልተባለ ነገር እዚያ ውስጥ የሚገኘው።

ክፍሉ በሥነ ልቦና መምህርት ንግግር ተከፍቶ፣ ድምፅ ከተመለሰ በኋላ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች የሚሉት አጥተው በመቀመጣቸው እንደሚዘጋ ታገኚያለሽ። አዎ፣ ወርቁ ያ ነው። ሠንጠረዡ ሳያልቅ አትንኪው።

4. የትኛውን ቅጂ እንዳየሽ ጻፊ።

ድራማው የተሠራው ለጠባቡ፣ ለ4 በ3 ስክሪን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ከሦስተኛው ወዲህ በ35 ተቀረጹ። ኋላ ለሰፊ ስክሪን ሲታደስ ምስሉ ባንድ በኩል ተቆረጠ፣ ባንድ በኩል ተለጠጠ፤ በአንዳንድ ትዕይንት የቀረጻ ዕቃና ሠራተኛ ከዳር ብቅ ይላል፣ ሌሊት መሆን የነበረበት ቀን መስሏል። ለቀልድ ድራማ ይህ ጉዳት ትንሽ ነው። በአስፈሪ ሥራ ግን የስክሪኑ ጠርዝ ጭራቁ የሚመጣበት በር ነው፤ በሩን አንቀሳቅሶ ስለ ፍርሃት መጻፍ አይቻልም። በ4 በ3 የወጣውን የዲቪዲ ቅጂ ፈልጊ።

አንቺ በሁለት ሳምንት ላፕቶፕ ላይ የጨረስሽውን የ1997 ተመልካች በየሳምንቱ እየጠበቀ፣ በማስታወቂያ እየተቋረጠ ነው ያየው። ቅደም ተከተሉም አንድ አይደለም። ኤፕሪል 20 ቀን 1999 ኮለምባይን ትምህርት ቤት ውስጥ ጭፍጨፋ ሲደርስ፣ በትምህርት ቤት ግድያን የሚያነሳው «ኢርሾት» ወደ ሴፕቴምበር፣ የዚያው ዓመት ምዕራፍ መዝጊያ ሁለተኛ ክፍል ወደ ጁላይ ተገፉ። የያኔው ተመልካች መዝጊያውን አይቶ ነው ወደ ኋላ የተመለሰው።

5. የቡዳውን ምዕራፍ ተዪው።

ቫምፓየሩን ከቡዳ ጋር ልታወዳድሪ ያሰብሽበትን ምዕራፍ አማካሪሽ እንደሚወደው እገምታለሁ፤ «የአገርሽን ባህል አምጪ» ሳይልሽ አይቀርም። ግን አስቢው። የቴሌቪዥኑ ቫምፓየር ሕግ ያለው ፈጠራ ነው፦ እንጨት ልቡ ላይ ሲሰካ አቧራ ይሆናል፣ ፀሐይ ያነደዋል፣ ካልጋበዙት ደጃፍ አያልፍም። በዚህ ምክንያት ጎረቤቱ የሚሸሸው ሰው የለም። ቡዳ የሚለው ስም ግን በሸክላ ሠሪው፣ በቀጥቃጩ፣ በቤተ እስራኤል ላይ ተለጥፎ ሰው ከሰው ጋር እንዳይጋባ፣ አብሮ እንዳይበላ ያደረገ ክስ ነው። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የተባሉት ሰዎች ልጆች ዛሬ ኢየሩሳሌምም ጎንደርም አሉ። ያን ክስ ከፈጠራ ጭራቅ ጎን በአንድ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ክሱን ተረት ያስመስለዋል።

ማወዳደር ግድ ከሆነ ከአውሮፓው እውነተኛ ሽብር ጋር አወዳድሪ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሃብስበርግ ግዛት ሰዎች ቫምፓየር ናቸው እያሉ መቃብር ይቆፍሩ ነበር፤ ማሪያ ቴሬዛ በ1755 ሐኪሟን ጄራርድ ቫን ስዊተንን አስጠንታ ድርጊቱን ከለከለች። እዚያ የተከሰሰው ሬሳ ነው፤ እኛ ዘንድ በሕይወት ያለ፣ ነገ ገበያ የሚወጣ ሰው። ይህ ልዩነት ራሱን የቻለ ጥናት ነው፤ በዚህ ማሟያ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

6. የመጀመሪያዋን ስሌየር በሚገባ እዪያት።

በ«ሬስትለስ»፣ በምዕራፍ 4 መዝጊያ፣ ባፊ በሕልሟ በረሃ ላይ የምታገኛት ጥንታዊት ተዋጊ ጥቁር አፍሪካዊት ናት። ፊቷ ተቀብቷል፤ መጨረሻ ላይ ከምትላቸው ጥቂት ቃላት በቀር አትናገርም፤ በእሷ ፈንታ የምትናገርላት ታራ የምትባል ነጭ ልጅ ናት። ከጃማይካ የመጣችው ሌላዋ ጥቁር ስሌየር ኬንድራም በምዕራፍ 2 ብቅ ብላ እዚያው ተገደለች። ይህን ያስተዋልሽ የመጀመሪያዋ እንዳይመስልሽ፤ ብዙ ተጽፎበታል። የጎደለው አሁንም የአሠራሩ ጉዳይ ነው፦ የዚያች ሴት አስፈሪነት ከምን ተሠራ? ከአቆራረጡ? ከእንቅስቃሴዋ? ከዝምታዋ? በ«ሃሽ» ዝምታ የሁሉም ሰው መከራ ነበር። እዚህ የአንዲት ሴት ተፈጥሮ ሆኗል። ሁለቱም ክፍሎች በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው፣ የጻፋቸውና ያዘጋጃቸውም አንድ ሰው ነው። በኔ ግምት ማሟያሽ ያለው እዚህ ሁለቱ መካከል ነው። ልብሽ ካላዘነበለ ግን፣ ሐበሻ ስለሆንሽ ብቻ ሌሎች ስለ ሙዚቃና ካሜራ ሲጽፉ አንቺ ስለ አፍሪካ የመጻፍ ዕዳ የለብሽም።

7. ስለ ዊደን።

በ2021 ተዋናይት ካሪዝማ ካርፔንተር በቀረጻ ላይ በደል እንደፈጸመባት በአደባባይ ተናገረች፤ ሌሎችም ደገፏት። በስሙ ይጠራ የነበረው የምሁራን ማኅበርም ስሙን አውጥቶ በባፊ ተሰየመ። አትሸፋፍኚው፣ አንድ ምዕራፍም አታባክኚበት። ድራማው የብዙ ሰው ሥራ እንደሆነ በጽሑፍሽ አሳዪ፤ ማርቲ ኖክሰን፣ ጄን ኤስፐንሰን፣ የሙዚቃ ደራሲው ክሪስቶፍ ቤክ። «ዊደን እንዲህ አለ» የሚለው ሐረግ በበዛበት ቦታ ሁሉ ማን ምን እንደሠራ አጣሪ።

8. የምትጠዪውን አንድ ክፍል አስገቢ።

አድናቂ መሆንሽ ሀብት ነው፤ አድናቂ ያየውን ፈታኝ አያይም። ግን «ቢር ባድ»ን ሳትነኪ አትለፊ። ቢራ ጠጥተው ወደ ዋሻ ሰው ስለሚለወጡ ተማሪዎች የሚያወራ፣ ከመንግሥት የፀረ ዕፅ ዘመቻ ገንዘብ ለማግኘት ተሞክሮበት ያልተሳካለት ደካማ ክፍል ነው። ከ«ሃሽ» የሚቀድመው በአምስት ክፍል ብቻ ነው። ያው ቡድን፣ ያው መድረክ፣ ያው ዓመት። አንዱ ለምን አስፈራ፣ ሌላው ለምን አሳፈረ?

9. በመከላከያው ቀን።

ሦስት ክፍል ይበቃሻል፤ 144ቱን እንዳየሽ ለማሳየት አትድከሚ። ከ«ሃሽ» ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ትዕይንት ይዘሽ ግቢና ከማውራትሽ በፊት አሳዪያቸው። ጠዋት ቀደም ብለሽ ሂጂና የአዳራሹን ድምፅ ማጉያ ሞክሪ፤ የቤክ ሙዚቃ ካልተሰማ፣ ሰዎቹ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው ሠራተኛ ሊጠሩ ይችላሉ።