ብስኩትና እርጥበት፤ ለአስመጪና ለባለሱቅ የሚሆን ትምህርት

ብስኩት በሱቆቻችን መደርደሪያ ላይ ከሻይ ቅጠልና ከስኳር ጎን የሚቀመጥ የዘወትር ዕቃ ስለሆነ ብዙዎቻችን ዋጋውንና ጣዕሙን ብቻ ጠይቀን እናዝዘዋለን። ነገር ግን ከልዩ ልዩ አገር የሚመጣው ብስኩት አሠራሩም፣ ዕድሜውም፣ የሚበላሽበትም ምክንያት የተለያየ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናጠናው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ነጋዴ ብስኩት ሲገዛ ከዱቄቱና ከስኳሩ ይልቅ ድርቀቱን የሚገዛ መሆኑን ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ራሱ ነገሩን ያስረዳል። እኛ ብስኩት የምንለውን ጣልያኖች ቢስኮቶ ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ሁለት ጊዜ የበሰለ» ማለት ነው። ጀርመኖችም ጽቪባክ ሲሉ ይህንኑ መናገራቸው ነው። አንድ ጊዜ ከምድጃ የወጣው ዳቦ ተቆርጦ እንደገና ወደ ምድጃ የሚመለሰው በውስጡ የቀረው ውሃ እንዲወጣ ነው። ውሃው የወጣለት ዳቦ አይሻግትም፤ ረዥም መንገድም ይችላል። ስለዚህ እንግሊዞች በ17ኛው መቶ ዓመት ለባሕር ኀይላቸው መርከበኞች ለያንዳንዱ ሰው በቀን 1 ፓውንድ፣ ማለት ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚያንስ ብስኩት ይሰፍሩ ነበር። ያ ብስኩት ከዱቄትና ከውሃ በቀር ይህን ያህል የሚገባበት ነገር ስላልነበረ ጥርስ የሚፈትን ነበር፤ ጠላቱም እርጥበትና ነቀዝ ነበሩ።

የጥንቱ አሠራር እስከ ዛሬ ሳይለወጥ የሚገኘው በጣልያን አገር በቶስካና አውራጃ፣ ይልቁንም በፕራቶ ከተማ ነው። ካንቱቺ የሚባለው ብስኩት ከዱቄት፣ ከስኳር፣ ከእንቁላልና ካልተፈጨ አልሞንድ ይለወስና እንደ ዱላ ተድበልብሎ ይጋገራል፤ ትኩስ ሳለም በሰያፍ ተቆርጦ ዳግመኛ ይደርቃል። በቀድሞው አሠራር ቅቤ አይገባበትም። የአገሩ ሰዎች በጣፋጭ የወይን ጠጅ እየነከሩ ይበሉታል። ለነጋዴ እንዲህ ያለው ብስኩት የሚመች ነው፤ ቅቤ የሌለበት ስለሆነ በሙቀት ሽታው ቶሎ አይለወጥም።

ብስኩትን የዓለም ንግድ ዕቃ ያደረገው ግን ከአሠራሩ ይልቅ ማሸጊያው ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። በእንግሊዝ አገር በሬዲንግ ከተማ ጆሴፍ ሃንትሊ የተባለ ሰው በ1822 የብስኩት ሱቅ ከፈተ። ሱቁ በትልቁ የሠረገላ መንገድ ላይ ስለነበረ መንገደኞች ይገዙት ነበር፤ ብስኩቱ ግን በመንገድ እየተሰበረና እየረጠበ ስላስቸገረ በቆርቆሮ ሣጥን መሸጥ ተጀመረ። ቆርቆሮውን ይሠራ የነበረው የገዛ ልጁ ነበር። በ1841 ጆርጅ ፓልመር በሽርክና ከገባ በኋላ ሃንትሊና ፓልመር የተባለው ድርጅት ዕቃውን በዚያው በቆርቆሮ እያሸገ ወደ ዓለም ሁሉ ላከ። ፋብሪካው በሬዲንግ መሥራቱን በ1970ዎቹ አቁሟል፤ በሥዕል ያጌጡትን ባዶ ቆርቆሮዎች ግን ዛሬም ሰዎች እየፈለጉ ይገዟቸዋል። የማሪ ብስኩትም የተወለደው በዚሁ በእንግሊዝ አገር ነው፤ ፒክ ፍሪን የተባለው የለንደን ፋብሪካ በ1874 የሩሲያ ንጉሥ ልጅ ማሪያ የኤዲንብራን መስፍን ስታገባ ለመታሰቢያ አወጣው። ፊቱ ላይ የምናያቸው ቀዳዳዎች ለጌጥ ብቻ የተበሱ አይደሉም፤ ሊጡ ሲጋገር እንፋሎቱ እንዲወጣና እንዳያብጥ ነው።

በብስኩትና በኬክ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስረዳ አንድ የግብር ክርክር አለ። በእንግሊዝ አገር ቸኮላት የተቀባ ብስኩት የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲከፈልበት ኬክ ግን አይከፈልበትም። ጃፋ ኬክ የተባለው ጣፋጭ ከየትኛው ወገን ነው በሚል በ1991 በዳኞች ፊት ክርክር ሆነ። ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ ኬክ ሲያረጅ የሚደርቅ፣ ብስኩት ግን ሲያረጅ የሚለሰልስ መሆኑ ነበር። ጃፋ ኬክ ሲያረጅ ስለሚደርቅ፣ ከሌሎችም ምክንያቶች ጋር፣ ኬክ ነው ተብሎ ተፈረደ። ይህ ልዩነት ለዳኛ ብቻ ሳይሆን ለባለሱቅም ይጠቅማል፤ አንዱን የሚያድነው ማሸጊያ እርጥበት እንዳይገባ ይከለክላል፣ ሌላውን የሚያድነው ደግሞ እርጥበት እንዳይወጣ ይጠብቃል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው የጀርመኖቹ የኑርንበርግ ሌብኩኸን ነው። ኑርንበርግ የቅመም ንግድ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ስለነበረች፣ በአካባቢዋም ጫካ ንብ የሚያረቡ ስለነበሩ፣ ቀረፋውና ቅርንፉዱ ከማሩ ጋር ተገናኘ። ጋጋሪዎቹ በ1643 የራሳቸውን የሙያ ማኅበር አቆሙ፤ ከ1996 ጀምሮም በከተማው ካልተሠራ በቀር በዚህ ስም መሸጥ በኤውሮፓ ማኅበር ሕግ የተከለከለ ነው። ኤሊዘን የሚባለው ከፍተኛው ዓይነት ቢያንስ ከመቶ 25 እጅ አልሞንድና የመሰሉት ፍሬዎች እንዲኖሩት፣ ዱቄቱም ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ ያስፈልጋል። ይህ እንግዲህ ለስላሳ ሆኖ የሚበላ ነው። የምሠራላቸው ነጋዴ ናሙናውን ለደንበኞች ባቀመሱ ጊዜ ብዙዎቹ በጣታቸው ተጭነው «ይህስ ያረጀ ነው» ብለው መለሱት፤ አዲስ ግን ነበር። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያመጣ ሰው አብሮ ማስረዳትም አለበት።

በቅቤ የበለጸጉት ሌላ ወገን ናቸው። የስኮትላንዱ ሾርትብሬድ አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት ነው፤ ስለዚህ ከእርጥበት ይልቅ ሙቀትና ብርሃን ይጎዱታል። የሶርያና የሊባኖስ ማሙል ሰሞሊና ከሚባለው ሸካራ የስንዴ ዱቄትና ከቅቤ ተለውሶ፣ ቴምር ወይም የተወቀጠ ፍሬ በሆዱ ተጨምሮ፣ በእንጨት ቅርጽ ይመታል። እስላሞቹ ለዒድ፣ ክርስቲያኖቹ ለፋሲካ ያዘጋጁታል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ጭነት የሚሸጠው በኪሳራ ነው። የእስጳንያው የኤስቴፓ ማንቴካዶ ደግሞ የሚሠራው በአሳማ ሞራ መሆኑን ልብ በሉ፤ ስሙን ብቻ አይቶ ያዘዘ አስመጪ ሳያውቅ ከእስላም ደንበኞቹም ከክርስቲያኖቹም ጋር ይጣላል።

ለእኛም አገር በጾም ወራት ነገሩ እንዲሁ ነው። ገዢው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «የጾም ነው ወይ?» ብሎ ነው። የማሪ ብስኩት አንዱ ፋብሪካ በአትክልት ዘይት፣ ሌላው በወተት ዱቄት ይሠራዋል፤ ስለዚህ መልሱ የሚገኘው በጀርባው ከተጻፈው ዝርዝር እንጂ ከስሙ አይደለም። አስመጪው የዝርዝሩን ቅጅ ከፕሮፎርማው ጋር አብሮ እንዲላክለት ቢጠይቅ መልካም ነው።

አሁን ወደ መንገዱና ወደ መጋዘኑ እንምጣ። ደረቅ ብስኩት ከምድጃ ሲወጣ በውስጡ ያለው ውሃ ከመቶ 5 እጅ አይሞላም፤ ስለዚህ ቀዳዳ ካገኘ ከአየሩ ላይ እርጥበት ይስባል። ዕቃው በባሕር ጠረፍ ታሽጎ በጅቡቲ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይደርሳል፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ይቀንሳል። በጥቅሉ ውስጥ የታፈነው አየር ስለሚለጠጥ ከረጢቱ እንደ ፊኛ ይነፋል። ብዙ ባለሱቆች ይህን አይተው ዕቃው የተበላሸ ይመስላቸዋል፤ መነፋቱ ብቻውን ጉዳት አይደለም። ጉዳቱ እሽጉ ደካማ ሆኖ ጠርዙ ሲከፈት ነው፤ በክረምት ወራት ከሆነ ብስኩቱ ወዲያው ይለሰልሳል። ስለዚህ ትእዛዝ ሲጻፍ ዕቃው ወደ ደጋ የሚወጣ መሆኑን ለሻጩ ማስታወቅ፣ በጥቅሉም ውስጥ አየር እንዲቀነስ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዕቃው ሲደርስ ደግሞ ከየካርቶኑ ከመካከል አንድ ጥቅል አውጥቶ መስበር ነው፤ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ አየር ገብቶበታል።

በመጋዘን ካርቶኑ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከሳሙናና ከበርበሬ ተለይቶ ይቀመጥ። ቅቤ ያለበት ብስኩት የጎረቤቱን ሽታ ሁሉ ይወስዳል። ከቆርቆሮ ጣራ ሥር መከመርም አይገባም።

ለጉምሩክ ደግሞ ስሙን ለይቶ መጻፍ ጥቅም አለው። በዓለም አቀፉ የዕቃ አመዳደብ በ1905 አርእስት ሥር ጣፋጭ ብስኩት 1905.31፣ ዋፈር 1905.32፣ ሌብኩኸንና የመሳሰሉት 1905.20፣ ሁለት ጊዜ የተጋገረ ደረቅ ዳቦ 1905.40 ነው። በፋክቱሩ ላይ ሁሉንም በጅምላ «ብስኩት» ብሎ የሚጽፍ ላኪ ለተቀባዩ ጭቅጭቅ ይልክለታል።

ላኪዎቻችንም በዚህ ንግድ ድርሻ አላቸው። የደማስቆ ሰዎች ባራዜቅ የሚሉት ስስ ብስኩት አንዱ ፊቱ በሰሊጥ የተሸፈነ ነው፤ የሑመራ ሰሊጥ ደግሞ ለዳቦና ለጣፋጭ ጋጋሪዎች ተፈላጊ መሆኑ የታወቀ ነው። ዳቦ ቆሎአችንም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ የመንገደኛ ስንቅ የሆነው በድርቀቱ ነው፤ በአሜሪካ ባሉት የኢትዮጵያውያን ሱቆችም ይሸጣል። አዲስ አበባ ታሽጎ ወደ ባሕር ጠረፍ ከተማ የሚላክ ከረጢት ከላይ እንደተጻፈው አይነፋም፤ በተቃራኒው ይጨማደዳል። ስለዚህ የዳቦ ቆሎ ላኪ በጠንካራ ካርቶን ይላክ፤ ለተቀባዩም ከረጢቱ ተጨማዶ የሚደርሰው ከአየሩ ግፊት የተነሣ መሆኑን አስቀድሞ ይጻፍለት።