ሐይቅም እንደ እንሰት ጓሮ ነው
(ለወጣቶች የቀረበ የጥናት ትምህርት)

በዚህ እትም ለጥናት የምናቀርብላችሁ ርእስ ስለ ዓሣ ነው። «የሆመቾ ሰው ስለ ዓሣ ምን ያውቃል?» ብላችሁ እንደምትስቁ እንገምታለን። እውነት ነው፤ እኛ የእንሰትና የስንዴ ሰዎች እንጂ የሐይቅ ዳር ሰዎች አይደለንም። ሆኖም ከወረዳችን በስተ ምዕራብ የጊቤ ወንዝ ይፈሳል። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ለትምህርትና ለሥራ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ዝዋይና ወደ አርባ ምንጭ ይሄዳሉ፤ እዚያም ከሐይቁ ይበላሉ። ስለዚህ የዓሣ ጉዳይ የሩቅ ሰው ጉዳይ ነው ብለን የምንተወው አይደለም።

የትምህርቱ ዓላማ የሐይቆቻችን ዓሣ ለምን እያነሰ እንደ መጣ መረዳትና ከእኛ ከወጣቶች ምን እንደሚጠበቅ መወያየት ነው።

ሀ. ከእንሰት ጓሮ የምንማረው

በእያንዳንዳችን ቤት ጓሮ ትንሽ ችግኝ አለ፣ ከፍ ያለ አለ፣ ለመፋቅ የደረሰም አለ። እንሰት ለመድረስ እንደ ቦታው ከፍታና ሙቀት አራት፣ አምስት፣ ከዚያም በላይ ዓመት ይፈጅበታል። እናቶቻችን የደረሰውን ካልደረሰው በዐይን ለይተው ያውቃሉ። የደረሰው ሲነሣ በቦታው ሌላ ይተካል። በችግር ዓመት ያልደረሰውን እየነቀለ የበላ ቤት ግን ለዚያ ዓመት ይጠግብና ከሁለት ዓመት በኋላ የጎረቤት ደጅ ይጠናል። ይህን ለሐዲያና ለከምባታ ልጅ ማንም አስተማሪ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሐይቅም እንዲሁ ነው። በውስጡ ጫጩት ዓሣ፣ ጎረምሳ ዓሣና ለመውለድ የደረሰ ዓሣ አለ። ልዩነቱ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛ፣ ጓሮው ከውኃ በታች ስለ ሆነ ባዶ መሆኑ ቶሎ አይታይም። ሁለተኛ፣ አጥር የለውም፤ «ይህ ገና ነው፣ አይነካም» የምትል እናትም የለችበትም። የሐይቆቻችን ችግር ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ይመነጫል ማለት ይቻላል።

ለ. በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያየነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር ለታላቅ እኅታችን ምርቃት መላው ቤተ ሰብ በሆሳዕና፣ በሐላባና በሻሸመኔ አድርገን ሐዋሳ ሄድን። በማግሥቱ አባታችን «ዛሬ እራታችንን ራሳችን እናጠምዳለን» ብለው በማለዳ ቀሰቀሱን። አባታችን በወጣትነታቸው በሐዋሳ ተቀጥረው ሲሠሩ በእረፍት ቀን ከሐይቁ ዳር በመንጠቆ ያጠምዱ ነበር። የናይለን ክርና መንጠቆ ገዝተን፣ ሊጥ አሽተን ከድንጋዩ ላይ ተደረደርን።

እስከ እኩለ ቀን ድረስ ስድስት ሰዎች ሆነን ያወጣነው አራት ቆሮሶ ነው። ሦስቱ ከእጅ መዳፍ አይበልጡም ነበር። አባታችን ድሮ በአንድ ጠዋት ያወጡት ለጎረቤት ጭምር ይተርፍ እንደ ነበር እየነገሩን ሦስቱን ወደ ውኃው መለሷቸው። ታናሽ እኅታችን አኮረፈች።

በዚያው ሰዓት አንድ ወጣት ዓሣ አስጋሪ ከታንኳው ወርዶ መረቡን ያራግፍ ጀመር። የመረቡ ዐይን ጠባብ ስለ ነበር ጥቃቅኑም ሳይቀር ተይዟል። ከመካከላቸው ከአንዲቱ አፍ እንደ ጤፍ ፍሬ ከፍ ከፍ ያሉ ቢጫ ነገሮች ሲፈስሱ አየንና ምንድን ነው ብለን ጠየቅን። «እንቁላሏ ነው፤ በአፏ ነው የምትይዘው» አለን። ማራገፉንም ቀጠለ። አጠገቡ አባ ኮዳዎች ቆመው ከእጁ የሚወድቀውን ይጠብቃሉ።

አባታችን ቀረብ ብለው «ልጄ፣ ይኼ እኮ ገና ነው፤ ለምን አትመልሰውም?» አሉት። ልጁም በአክብሮት «አባባ፣ እኔ ብመልሰው ማታ ሌላው ያወጣዋል። እኔም የቤት ኪራይ አለብኝ» ሲል መለሰላቸው። አባታችን ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተናገረውም ሐሰት አልነበረም። ትምህርታችን የሚያጠነጥነው በዚህ መልስ ላይ ስለ ሆነ በልባችሁ ያዙት።

ሐ. ቆሮሶ እንዴት ይራባል?

የሐዋሳ ሐይቅ ዋና ዋና የገበያ ዓሦች ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ሲሆኑ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ቆሮሶ ነው። ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው በሐይቁ ዳር አካባቢ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል። ሴቲቱ እንቁላሏን እዚያ ከጣለች በኋላ መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ሁለት ሳምንት ገደማ በአፏ ትጠብቃቸዋለች፤ በዚህም ጊዜ ምግብ አትበላም። አምባዛ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ሲያፈስስ ቆሮሶ ግን የምትጥለው በመቶዎች፣ ቢበዛ በጥቂት ሺህ የሚቆጠር ነው። ጥቂት ወልዳ ብዙ የምትጠብቅ እናት ናት ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። እንቁላል የያዘች ቆሮሶ ስለማትበላ መንጠቆ እምብዛም አያገኛትም፤ መረብ ግን የበላችውንና ያልበላችውን አይለይም። በሐይቁ ዳር የሚጎተት መረብ ደግሞ ጎጆውን፣ እናቲቱንና ጫጩቶቹን በአንድነት ጠራርጎ ያወጣል። በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ በብዛት የሚራባው በሁለት ወቅቶች ሲሆን እነርሱም ከጥር እስከ መጋቢትና ከሐምሌ እስከ መስከረም ያሉት ናቸው። እኛ የሄድነው በሐምሌ እንደ ነበር ልብ በሉ።

በኦሪት ዘዳግም 22፥6–7 ያለውን ሕግ አስታውሱ። በመንገድ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን እንዲወስድ ተፈቅዶለታል፤ እናቲቱን ግን እንዲለቅ ታዝዟል። ሕጉ መብላትን አልከለከለም፤ የመውለጃውን ሥር መቁረጥን ግን ከለከለ። በቆሮሶ በኩል እናቲቱንም ጫጩቶቹንም በአንድ መረብ የሚያወጣ ሰው ከዚህ ሕግ ምን ያህል እንደ ራቀ መገመት አያዳግትም።

መ. የሌሎች ሐይቆቻችን ሁኔታ

1. ጣና። በጣና ሐይቅ ውስጥ በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኙ ከአሥር በላይ የባርቡስ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። አስጋሪዎችም ዓሦቹ ለመራባት በወንዞቹ አፍ ሲሰበሰቡ መጠበቅ ለመዱ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በተደረገ ጥናት የእነዚህ ባርቡሶች ክብደት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ፤ የጫጩቶቹ ቁጥር ደግሞ 90 በመቶ ያህል ወረደ። ትልልቁ በጥቂቱም ቢሆን ሲታይ የሚተካው ትውልድ ግን ጠፍቶ ነበር።

2. ዝዋይ። ቀድሞ ከሐይቁ የሚወጣው አብዛኛው ዓሣ ቆሮሶ ነበር። ከጊዜ በኋላ የቆሮሶ ድርሻ እያነሰ ከውጭ የገቡት ካርፕና አምባዛ እየበዙ መጡ።

3. ጫሞ። ከሰው ቁመት የሚስተካከል ናይል ፐርች ይወጣበት የነበረ ሐይቅ ነው። ዛሬ ያ ዓሣ እጅግ ተመናምኗል።

4. አብጃታ። እዚህ ጥፋቱ የመረብ ብቻ አይደለም። ውኃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ምርት ስለ ተቀነሰ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨውነቱ በረታ፣ ዓሣውም አለቀ። በሻላ ሐይቅ ደሴት የሚራቡት ይብራዎች ከአብጃታ ዓሣ ይለቅሙ ነበር፤ ዓሣው ሲያልቅ ምግብ ፍለጋ ወደ ሌላ ሐይቅ መብረር ግድ ሆነባቸው።

የሐዋሳም ሐይቅ ከላይ የሚወጣ ወንዝ የሌለው ስለ ሆነ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ከጥቁር ውኃ ወንዝ በላይ የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል። ደለሉ የመጣው ደን ከተመነጠረባቸው ተዳፋቶች ነው። ስለዚህ መረብ ይዞ የማያውቅ ገበሬም በተዘዋዋሪ መንገድ ሐይቅን ሊጎዳ ይችላል።

ሠ. ጥፋቱ የማን ነው?

ብዙ ሰው «አስጋሪው ነው» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን ያንን ወጣት ካየን በኋላ እንዲህ ለማለት አንደፍርም። በጓሮዬ ያለውን ያልደረሰ እንሰት ብተወው ነገ የማገኘው እኔው ነኝ። በሐይቅ ግን ዛሬ የተውኩትን ነገ የሚያገኘው ሌላው ነው። ስለዚህ አንድ ደግ ሰው ብቻውን ሐይቅን አያድንም። ሁሉም ሲተው ግን ለሁሉም ይተርፋል። ይህም ከዕድራችን ጋር ይመሳሰላል፤ አንድ ቤት ብቻውን ቢያዋጣ ገንዘቡ ለቀብር አይበቃም፣ ሁሉም ሲያዋጣ ግን ማንም ብቻውን አያለቅስም።

አገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አውጥታለች። ሆኖም ሕግ በወረቀት ላይ ሲሆን አጥር አይሆንም። አጥር የሚሆነው አስጋሪው፣ ተቆጣጣሪው፣ ነጋዴውና ገዢው ሲስማሙበት ነው። ገዢው የሚለው ቃል እኛን ይነካል። በከተሞች የዓሣ ፍላጎት ከሁሉ ይልቅ ከፍ የሚለው በዐቢይ ጾም ወራት ነው፤ ይህም ከቆሮሶ የመራቢያ ወቅት ከአንዱ ጋር ይገጣጠማል። ጥቃቅኑን በርካሽ የሚገዛ ሰው ባይኖር ጠባብ ዐይን ያለውን መረብ የሚዘረጋ አይገኝም።

ረ. የጠፋ ዓሣ ይመለሳልን?

ይመለሳል፤ ስምምነት ካለ። በአሜሪካ አገር በሚነሶታ ግዛት ሬድ ሌክ የሚባል ታላቅ ሐይቅ አለ። በዚያ ዎልአይ የሚባል ዓሣ ከሐይቁ ዳር ላሉት የኦጂብዌ ተወላጆች ኑሯቸው፣ ለሌላው ሕዝብ ደግሞ ከቤተ ሰብ ጋር የሚያጠምዱት መዝናኛ ነበር። ከመጠን በላይ ስለ ተጠመደ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዎልአይ ሊያልቅ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1997 ተወላጆቹ ራሳቸው መረባቸውን አወጡ። በ1999 የግዛቱ መንግሥትና ተወላጆቹ ተፈራርመው ሐይቁን ለዎልአይ ማጥመድ ዘጉ፤ ጫጩትም ጨመሩበት። ሰባት ዓመት ታግሠው በ2006 በገደብ ሲከፍቱት ዓሣው ተመልሶ ነበር።

በሰባቱ ዓመታት ገቢያቸውን ያጡ ቤተ ሰቦች ነበሩ። ስለዚህ «አታጥምድ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «እስከዚያ ምን ይብላ?» ለሚለውም መልስ ያስፈልጋል። የቤት ኪራይ ላለበት ልጅ ሌላ ሥራ ሳናስብለት መረቡን ብቻ ብንነቅፍ የፍርድ ሰዎች እንጂ የመፍትሔ ሰዎች አንሆንም።

ሰ. እኛ ምን እናድርግ?

1. ዓሣ ስንገዛ ከእጅ መዳፍ የማይበልጠውን አንግዛ፤ ለምን እንዳልገዛንም ለሻጩ በትሕትና እንንገረው።

2. በወንዞቻችን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውኃ ላይ መበተንን እንተው። ብርብራ ትልቁን ብቻ አያደነዝዝም፤ ጫጩቱንና ትናንሽ የውኃ ፍጥረታትን ሁሉ ይፈጃል። ይህ በሐይቅ ሳይሆን በራሳችን መንደር ስለሚደረግ በመጀመሪያ የምንጠየቅበት ነው።

3. በተዳፋት ማሳችን ላይ እርከን እንሥራ፣ አገር በቀል ዛፍ እንትከል። አፈሩ ለእኛ ይቀራል፣ ወንዙም ይጠራል።

4. ቋሚ ውኃ ያላቸው ቤተ ሰቦች በኩሬ ቆሮሶ ማርባትን ከወረዳ የግብርና ባለሙያዎች ጋር ይመካከሩ። በሰበታ የሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከል በዚህ ረገድ የረጅም ጊዜ ልምድ አለው። ኩሬ እንደ ጓሮ ነው፤ ባለቤት አለው፣ አጥርም አለው።

5. በሐይቅ ዳር ከተሞች የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች ከዓሣ አስጋሪ ማኅበራት ጋር ተዋወቁ። ከመንቀፋችሁ በፊት ችግራቸውን ስሙ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእንሰት ጓሮና በሐይቅ መካከል ያሉት ሁለት ልዩነቶች ምንድን ናቸው?
2. ዓሣ አስጋሪው ለአባታችን ለሰጠው መልስ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? «ዝም እላለሁ» የሚል ሰው ምክንያቱን ይግለጽ።
3. ኦሪት ዘዳግም 22፥6–7ን አንብቡ። ይህ ሕግ በብርብራ ስለ ማጥመድ ምን ያስተምረናል?
4. በአካባቢያችን የሁሉም የሆነና ስለዚህ ባለቤት ያጣ ሌላ ነገር አለን? ምንጭ፣ የግጦሽ መሬት፣ ደን ሊሆን ይችላል። በሚመጣው ሰንበት አንድ አንድ ምሳሌ ይዛችሁ ኑ፤ ከመካከላቸው አንዱን መርጠን በዚህ ዓመት አጥር እናበጅለታለን።