ባልና ሚስት ሁለቱም ሲሠሩ፦ በአሜሪካ ከደመወዝ የሚቆረጠው ግብር ለምን ይጎድላል?

በኢትዮጵያ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የሥራ ግብሩን ራሱ አያሰላም። ቀጣሪው በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ሀ» መሠረት በየወሩ ከደመወዙ ቆርጦ ለግብር ባለሥልጣኑ ገቢ ያደርጋል፤ አንድ ቀጣሪ ብቻ ላለው ሠራተኛም ጉዳዩ በዚያው ያበቃል። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ወደ 2,000 ብር ከፍ ቢልም፣ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ እንዲከፈልበት ቢወሰንም፣ መሠረቱ አልተለወጠም፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚታየው በራሱ ደመወዝ ብቻ ነው፣ የባል ግብር ሲሰላም የሚስት ደመወዝ አይጠየቅም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የኖረ ሰው አሜሪካ ገብቶ ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ግብር ሲቆረጥ ሲያይ ግዴታው ተፈጽሟል ብሎ ቢያምን የሚያስገርም አይደለም። በአሜሪካ ግን በየክፍያው የሚቆረጠው ገንዘብ ግምት ብቻ ነው፤ እውነተኛው ሒሳብ የሚሠራው ዓመቱ ካለፈ በኋላ እስከ ኤፕሪል 15 በሚቀርበው 1040 በተባለው ቅጽ ላይ ሲሆን፣ ባልና ሚስት በአንድነት ሲያቀርቡ የሁለቱም ገቢ ተደምሮ ይታያል። ብዙ ቤተሰቦች ያላሰቡት ዕዳ የሚመጣባቸው በግምቱና በእውነተኛው ሒሳብ መካከል ባለው ልዩነት ነው።

አንድ ሰው ለግብር ጉዳይ ያገባ ወይም ያላገባ የሚባለው ዲሴምበር 31 ቀን በነበረበት ሁኔታ ሲሆን፣ ውሳኔውም ለሙሉ ዓመቱ ይጸናል። በመሆኑም ከቨርጂኒያ ወይም ከሚኒሶታ መጥቶ በጥር ወር በእንጦጦ ማርያም ሥርዓተ ተክሊሉን የፈጸመ ሰው፣ ጋብቻው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከጸና፣ ለዚያ የአሜሪካ ዓመት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ እንዳገባ ይቆጠራል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከተፈጸመው ጋር እኩል ያጸናዋል፤ የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ አይ.አር.ኤስ. የሚባለው፣ በውጭ አገር በሕግ የጸና ጋብቻን በመርህ ደረጃ ይቀበላል። ስለዚህ ምዝገባው ገና በወረዳ አላለቀም ወይም ቪዛው ገና አልወጣም በሚል ምክንያት «ሲንግል»፣ ማለትም ያላገባ፣ ብሎ መሙላት ስሕተት ነው። የትዳር ጓደኛው ገና አዲስ አበባ እያለም፣ ሁለቱ ከተስማሙ በአንድነት ማቅረብ ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ግን በኢትዮጵያ የሚገኘው የትዳር ጓደኛ ደመወዝም በአሜሪካው ቅጽ ላይ መገለጽ ይኖርበታል።

ችግሩ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው የትዳር ጓደኛ አሜሪካ ገብቶ ሥራ በያዘበት ሳምንት ነው። ማንኛውም አዲስ ተቀጣሪ ደብሊው-4 የሚባል ቅጽ ይሞላል፤ ቀጣሪው ከደመወዙ ምን ያህል ግብር መቁረጥ እንዳለበት የሚያውቀው ከዚህ ቅጽ ነው። በቅጹ የመጀመሪያ ክፍል «ማሪድ ፋይሊንግ ጆይንትሊ» የሚለው ሳጥን፣ ማለትም ያገባና ከትዳር ጓደኛው ጋር በአንድነት የሚያቀርብ የሚለው፣ ምልክት ሲደረግበት የቀጣሪው ሒሳብ ይህ ደመወዝ የመላው ቤተሰብ ብቸኛ ገቢ እንደሆነ አድርጎ ያሰላዋል። ለባልና ሚስት የሚፈቀደውን ከግብር ነፃ የሆነ መጠን፣ «ስታንዳርድ ዲዳክሽን» የሚባለውን፣ ሙሉውን ለዚህ አንድ ደመወዝ ይሰጠዋል፤ ዝቅተኛውን የግብር መጣኔም እንዲሁ። ሚስት በሌላ መሥሪያ ቤት ያንኑ ሳጥን ስትሞላ ሌላው ቀጣሪ ያንኑ ጥቅም በሙሉ በድጋሚ ይሰጣታል። ሁለቱ ቀጣሪዎች እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ ሕጉ ለቤተሰቡ የፈቀደው ነፃ መጠን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በ2024 የግብር ዓመት የነበረው ሕግ ይህን በግልጽ ያሳያል። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው በዓመት 60,000 ዶላር የሚያገኙና ልጅ የሌላቸው ቢሆኑ፣ ከጠቅላላው 120,000 ዶላር ላይ 29,200 ዶላሩ ነፃ ይሆንና 90,800 ይቀራል፤ ከዚህም የመጀመሪያው 23,200 ዶላር በ10 በመቶ፣ ቀሪው በ12 በመቶ ሲሰላ የዓመቱ የፌዴራል ገቢ ግብር 10,432 ዶላር ይሆናል። ሁለቱም ከላይ በተገለጸው መንገድ ከሞሉ ግን እያንዳንዱ ቀጣሪ 29,200 ዶላሩን በየራሱ ስለሚቀንስ ከእያንዳንዳቸው የሚቆረጠው 3,232 ዶላር፣ በድምሩ 6,464 ዶላር ብቻ ነው። የጎደለው 3,968 ዶላር በኤፕሪል በአንድ ጊዜ ይጠየቃል።

ብዙ ባልና ሚስት ይህን ዕዳ ሲያዩ ትዳር ግብር ጨመረብን ይላሉ፤ ይህ አስተሳሰብ መታረም አለበት። እነዚሁ ሁለት ሰዎች ሳይጋቡ ቢኖሩ እያንዳንዳቸው 5,216 ዶላር፣ ሁለቱ በድምሩ ያንኑ 10,432 ዶላር ይከፍሉ ነበር። ጋብቻው አንድ ሳንቲም አልጨመረም፤ የጎደለው ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ በየክፍያው ሳይቆረጥ ለቤተሰቡ ደርሶ ወጪ የሆነ ገንዘብ ነው። ከዚህ የተነሣ ለየብቻ ማቅረብ መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፤ ለየብቻ ማቅረብ ግን በአብዛኛው ግብሩን አይቀንስም፣ እንዲያውም አንዳንድ የግብር ቅናሾችን ያሳጣል።

ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ጉድለቱ ይበልጥ ሊሰፋባቸው ይችላል። በ2024 ከ17 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እስከ 2,000 ዶላር የሚደርስ የግብር ቅናሽ ነበር፤ በደብሊው-4 ሦስተኛ ክፍል ላይ ባልም ሚስትም ያንኑ ሁለት ልጅ ካስመዘገቡ ቅናሹ ሁለት ጊዜ ይሰላና ሌላ እስከ 4,000 ዶላር ሊጎድል ይችላል። ከመደበኛ ሥራ በኋላ ኡበር የሚያሽከረክር ሰው ደግሞ ከዚያ ገቢ ላይ ምንም የማይቆረጥለት ከመሆኑም በላይ፣ ከገቢ ግብሩ ሌላ የግል ሠራተኞች የሚከፍሉት 15.3 በመቶ ይጠበቅበታል። በየካ ክፍለ ከተማ ቤት አከራይቶ የሚኖር የአሜሪካ ነዋሪም ኪራዩን በአሜሪካ ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ለኢትዮጵያ የከፈለው የኪራይ ገቢ ግብር በሕጉ ወሰን ውስጥ ስለሚታሰብለት ደረሰኙን በጥንቃቄ መያዝ ይገባዋል።

መፍትሔው ያለው በዚያው ቅጽ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያልፈውም ይህንኑ ክፍል ነው። ቤተሰቡ በጠቅላላ ሁለት ሥራ ብቻ ካለውና ደመወዞቹ የሚቀራረቡ ከሆነ፣ በዚህ ክፍል «ሲ» በሚለው ፊደል ሥር ያለችውን ሳጥን በሁለቱም ቅጾች ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል፤ በላይኛው ምሳሌ ይህ ቢደረግ ከእያንዳንዳቸው 5,216 ዶላር ተቆርጦ ሒሳቡ በትክክል ይዘጋ ነበር። አንዱ ብቻ ምልክት ቢያደርግ ግን ጉድለቱ የሚሸፈነው በግማሹ ነው። አንደኛው ደመወዝ ከሌላው ግማሽ በታች ከሆነ ሳጥኗ ከሚገባው በላይ ታስቆርጣለች፤ በአሜሪካ ዋና ከተማ አካባቢ እንደሚታየው ቀን አንድ፣ ማታ ሌላ ሥራ የሚሠራ ሰው ያለበት ቤተሰብ ደግሞ ሦስት ሥራ ስለሚኖረው ሳጥኗን መጠቀም የለበትም። በእነዚህ ሁኔታዎች የአይ.አር.ኤስ. ድረ ገጽ ላይ ያለው ነፃ ማስሊያ የሚጎድለውን መጠን ያወጣል፤ ይህም በዓመቱ ለቀሩት የክፍያ ጊዜያት ተካፍሎ በአራተኛው ክፍል በተጨማሪ ተቀናሽነት ይጻፋል። ልጆችን የሚያስመዘግበው ከፍተኛ ደመወዝ ያለው አንዱ ብቻ መሆን አለበት። አዲስ ደብሊው-4 በዓመቱ በማንኛውም ቀን ለቀጣሪ ሊሰጥ ይችላል፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያን የመሳሰሉ ግዛቶች ደግሞ የራሳቸው ቅጽ ስላላቸው እርሱም አብሮ መታረም አለበት።

ጉድለቱ ከ1,000 ዶላር በታች ከሆነ፣ ወይም የተቆረጠው የዓመቱን ግብር 90 በመቶ ወይም ያለፈውን ዓመት ግብር 100 በመቶ ከሸፈነ (ያለፈው ዓመት ገቢያቸው ከ150,000 ዶላር በላይ ለነበረ 110 በመቶ)፣ በዓመቱ ውስጥ በወቅቱ ባለመክፈል የሚጣለው ቅጣት አይኖርም። ዕዳው የመጣባቸውና ለመክፈል አቅም ያጡ ባልና ሚስት ቅጹን ከማቅረብ ፈጽሞ መዘግየት የለባቸውም፤ ባለማቅረብ የሚጣለው ቅጣት ካልተከፈለው ግብር ላይ በየወሩ 5 በመቶ ሲሆን፣ አቅርቦ ባለመክፈል የሚጣለው ግን በየወሩ 0.5 በመቶ ነው፤ ቀሪውንም በየወሩ ከፋፍሎ ለመክፈል ከመሥሪያ ቤቱ ጋር መስማማት ይቻላል።