የመኪና ቀለም ገድ አለውን?

ዛሬ የምንመለከተው ነገር ለብዙዎቻችን ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በመካከላችን ገንዘብ ያስወጣ፣ ሰውንም ያስጎዳ ስለ ሆነ በዝምታ ልናልፈው አልወደድንም። ይኸውም «ቀይ መኪና ገደ ቢስ ነው፣ ጥቁር መኪናም ግጭት ይስባል» የሚለው አነጋገር ነው።

ሀ) ነገሩ እንዴት ደረሰብን?

ከእኛው መካከል አንድ ወንድማችን አባቱ ከቡና ሽያጭ ባጠራቀሙት ገንዘብ የገዙትን አሮጌ ቀይ ሚኒባስ ከዲላ ይርጋ ጨፌ እየተመላለሰ ይሠራበታል። በአንድ የቡና ለቀማ ወራት ውስጥ መኪናው ሦስት ጊዜ ተጋጨ። ፓራፋንጎው ተጨራመተ፣ በሩ ተላጠ፣ የፊት መብራቱም ረገፈ። በዚህ ጊዜ አንድ አዛውንት ጎረቤት «ልጄ፣ ቀዩ ቀለም ከኮከብህ ጋር አልተስማማም፤ አስለውጠው» ብለው መከሩት። እኛም ብንሆን «እውነት ሳይሆን አይቀርም» አልን እንጂ አልተቃወምንም። እንዲያውም ችግሩን አይተን ለቀለሙ ገንዘብ አዋጣንለት። መኪናውም ጋራዥ ገብቶ፣ ስቱኮ ተለስኖ፣ ነጭ ተቀብቶ ወጣ።

ከአንድ ወር በኋላ ያው መኪና፣ አሁን ነጭ ሆኖ፣ ከወናጎ ወደ ዲላ ሲመለስ በዝናብ ተንሸራትቶ ቦይ ውስጥ ገባ። የአንዲት እናት ክንድ ተሰበረ። ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ እኚህ እናት አልተቆጡንም። «ልጆቼ፣ ለቀለሙ ያዋጣችሁትን ለጎማው ብታዋጡት ኖሮስ?» ብለው ብቻ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍም ከዚያ ጥያቄ የመጣ ነው።

ለ) ግጭቶቹን አንድ በአንድ ስንመረምር

ያን ዕለት ማታ ከወንድማችን ጋር ተቀምጠን እያንዳንዱን ግጭት በደብተር ጻፍን። የት እንደ ደረሰ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ሲያደርግ እንደ ነበር ጠየቅነው።

የመጀመሪያው በገበያ ቀን፣ መኪናውን ወደ ኋላ ሲመልስ የደረሰ ነው። የቀኝ ስፖኪዮው ተሰብሮ ሁለት ወር ሳይተካ ቆይቶ ነበር። ሁለተኛው ማታ በመንገድ ጠርዝ፣ ከመታጠፊያ አጠገብ አቁሞት ሳለ ሲያልፍ የነበረ የጭነት መኪና ልጦት የሄደ ነው። ሦስተኛው በካፊያ፣ ፊት ለፊቱ የነበረው መኪና በድንገት ሲቆም ፍሬን ይዞ መቆም ባለመቻሉ ነው። የጎማው ጥርስ አልቆ ነበርና። አራተኛው፣ ማለት እናታችን የተጎዱበት፣ በዚያው ባለቀ ጎማ የደረሰ ነው። ጽፈን ስንጨርስ ደብተሩን ደግመን አነበብነው። የቀለም ስም በአንዱም መስመር ላይ አልተገኘም።

ሐ) አሳቡ ከወዴት መጣ?

ይህን አሳብ አባቶቻችን ለመኪና አልፈጠሩትም፤ ከመኪና በፊት የነበረ ነው። ከብት የሚገዛ ሰው ቀለሙን ይመርጣል፤ ላሚቱ ከገባች በኋላ ቤቱ ከሞላ «ገደኛ»፣ ከጎደለ «ገደ ቢስ» ትባላለች። «አውደ ነገሥት» በሚባለው መጽሐፍም የሰው ስም ከእናቱ ስም ጋር ተቆጥሮ ኮከቡ ይወጣል፤ ለየኮከቡም የሚስማማው የዶሮና የበግ ቀለም ይነገራል። ገብስማ ወይስ ቀይ፣ ነጭ ወይስ ጥቁር የሚለው ምርጫ ከዚያ የታወቀ ነው። እንግዲህ መኪና በበሬና በፈረስ ፋንታ ሲተካ፣ የቀለሙ ወሬ አብሮ ወደ መኪናው ተሻገረ።

በአገራችን ሁለት የታወቁ ምሳሌዎች አሉ። በአዲስ አበባ ቀይ ቀለም ያላቸው ሲኖትራኮች በሰው ላይ ካደረሱት አደጋ የተነሣ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ ሰየማቸው፤ ይህም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ብዙ ወጣት ያለቀበት የዚያ ዘመን ስም ነው። ቀለሙን ብቻ የሚያይ ሰው «ቀይ ስለ ሆኑ ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን በፍጥነታቸው የተፈሩት የኢሱዙ የጭነት መኪናዎችም «አልቃይዳ» ተብለዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ጋቢናቸው ነጭ ነው። ቀዩም ነጩም ክፉ ስም ካወጣ ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም ማለት ነው። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ከባድ ጭነት፣ ጥድፊያና የሾፌሩ ድካም ነው።

ሌላም የምንሳሳትበት ነገር አለ። ቀይ መኪና ሲጋጭ «ድሮስ ቀይ አይደል!» እንላለን፤ በልባችንም እናስቀምጠዋለን። ነጭ መኪና ሲጋጭ ግን «ነጭ ስለ ሆነ ነው» የሚል የለም። እንዲህ አንዱን ወገን ብቻ እየቈጠርን ከርመን «በዓይናችን አይተናል» እንላለን።

መ) ታዲያ ቀለም ምንም ለውጥ የለውምን?

እውነቱን ለመናገር፣ ቀለም ለውጥ አለው። ለውጡ ግን በመታየት እንጂ በገድ አይደለም። በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በቀን ብርሃን ጥቁር መኪናዎች ከነጮቹ ይልቅ ለአደጋ የመጋለጣቸው መጠን 12 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ግራጫ 11፣ ብርማ 10፣ ቀይና ሰማያዊ ደግሞ 7 በመቶ ያህል ነበሩ። ልብ በሉ፣ ማንም የማይፈራው ብርማው መኪና ከተፈራው ቀይ ይብሳል። በሲንጋፖርም ቢጫና ሰማያዊ ታክሲዎች ባሉት በአንድ ድርጅት ላይ የተደረገና በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ቢጫዎቹ ከሰማያዊዎቹ ይልቅ በየወሩ ከ1000 ታክሲ ስድስት ያህል ያነሰ አደጋ እንደ ደረሰባቸው አሳይቷል። ምክንያቱም ቢጫ ከሩቅ ስለሚለይ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ፈጥኖ ስለሚያየው ነው።

ይህን ወደ ጌዴኦ እናምጣው። መንገዳችን በእንሰት፣ በቡናና በጥላ ዛፍ መካከል ይወጣል ይወርዳል። ወደ ቡሌ በሚወጣው ዳገት ጉም ሲወርድ፣ ጥቁር አረንጓዴ መኪና ከዛፉ ጥላ ጋር አንድ ሆኖ ሊጠፋ ይችላል። በቀይ አፈር መንገድ ላይም ቡናማ መኪና ዘግይቶ ቢታይ አያስገርምም። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው መፍትሔው መብራቱን ቀን በጉም ማብራት፣ የኋላ መብራቱን ከጭቃ መጥረግና የሚያንጸባርቅ ምልክት መለጠፍ ነው።

ስለ መኪናው አካልም እንዲሁ ነው። የመኪና ቀለም ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ለ10 ተከፍሎ ከአንዱ እጅ ብዙም አይበልጥም። ሥራው ላሜራውን ከዝገት መጠበቅ ነው። ቀይ ቀለም፣ በተለይ የድሮው፣ በፀሐይ ቶሎ ይደበዝዛል። ጥቁር ቀለም ደግሞ ሙቀት ይስባል፣ ትንሿን ጭረት ሁሉ ያሳያል። ስለዚህ መኪናው ከሌላው ይልቅ የተጎዳ መስሎ ይታያል። ነጭ ደግሞ ጭረቱን ይሸሽጋል፤ ዝገቱ ሳይጠረግ በላዩ ቢቀባ ግን ውስጥ ውስጡን ይበላል። የወንድማችንም መኪና የሆነው ይኸው ነው።

ሠ) መጽሐፍ ቅዱስ ምን ያስተምረናል?

በውይይታችን ላይ አንዲት እኅት «በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 ቀዩ ፈረስ ሰላምን ከምድር ይወስድ የለምን?» ብላ ጠየቀች። መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን በትንቢተ ዘካርያስ ምዕራፍ 6 ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭና ዝንጉርጉር ፈረሶች የሚስቧቸው አራት ሰረገላዎች እናገኛለን፤ አራቱም ከእግዚአብሔር ፊት ይወጣሉ። ሰረገላ በቀለሙ የተረገመ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ባልወጣ ነበር። በራእዩ ያለው ቀለም የነገሩ ምልክት እንጂ የነገሩ ምክንያት አይደለም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ደግሞ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች እንደ ሞቱ ተጽፎአል። ጌታችን የሞቱት ከሌሎቹ የባሱ ኀጢአተኞች እንዳልነበሩ ተናገረ። እንግዲህ የተጋጨውን ሁሉ «ገደ ቢስ» የምንል እኛ ማን ነን?

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን ዘዳግም 22፥8 ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲሠራ ታዝዞአል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ሕጉ ስለ ሰገነቱ ቀለም አይጠይቅም፤ ስለ መከታው ይጠይቃል። ለሾፌር መከታው ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ስፖኪዮውና ዕረፍቱ ነው። ጸሎት መልካም ነው፤ ሆኖም ጸልዮ የሚነሣ ሰው ጎማውን ጎንበስ ብሎ ሊያይ ይገባዋል። «ገዱ ነው» ስንል ጥፋታችንን በቀለሙ ላይ ጥለን ነጻ እንወጣለን፤ የሌላ ሰው ክንድ ግን ይሰበራል።

ስለ ቀለሙ የመከሩንን አዛውንት አንወቅሳቸውም፤ ያሉት አዝነውልን ነው። ጥፋቱ የእኛ የተማርነው ነው፤ ሳንጠይቅ አዋጥተናልና። አሁንም እንደ ገና አዋጥተን ሁለት ጎማና አንድ ስፖኪዮ ገዝተናል። ለእናታችንም ክንዳቸው እስኪጠና ውኃ የሚቀዳና እንጨት የሚፈልጥ ተራ አውጥተናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችን «ገደ ቢስ» የሚባል ዕቃ ወይም ከብት አለን? እንዴት ያ ስም ወጣለት?
2. ባለፈው ዓመት የደረሰብንን አንድ ጉዳት እናስብ። ምክንያቱን በደብተር ብንጽፈው ምን እናገኛለን?
3. ዘዳግም 22፥8 ለሾፌር፣ ለረዳት፣ ለተሳፋሪም ምን ያዝዛል?